ቆዳዋን ምን ቀለም ልቀባው? (የአንዲት ዶሚኒካና ሥዕል ጉዳይ)

የመስታወት ሠዓሊዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኑሮዬ ኒው ዮርክ ውስጥ ዋሽንግተን ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ የሱቅ መስታወት ላይ መሳል። ሰፈሩ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በመጡ ሰዎች የተሞላ ስለሆነ ደንበኞቼም አብዛኛዎቹ እነሱ ናቸው፤ ስፓኒሹንም የለመድኩት ከእነሱ ጋር ዋጋ ስከራከር ነው።

ባለፈው ወር አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት ጠራችኝና "መስታወቴ ላይ አንዲት ዶሚኒካና ሳዪልኝ፤ የአገሬ ልጅ በዚህ ስታልፍ ራሷን የምታይባት ትሁን" አለችኝ። በእርሳስ ነድፌ አሳየኋት፤ ወደደችው፤ ቀብድ ሰጠችኝና ጀመርኩ።

ከውስጥ በኩል መስታወት ላይ ሲሳል ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሸራ ላይ መጨረሻ የምትመጣዋ የዓይን ብልጭታ እዚህ ቀድማ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ብሌኑ፣ ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ጠርዝ፣ የፀጉሩ መስመር ይከተላሉ። የቆዳው ቀለም ከሁሉም በኋላ ከጀርባ ይለበጣል። ስለዚህ ዛሬ መስታወቱ ላይ ያለችው ሴት ዓይን አላት፣ ከንፈር አላት፣ የተጠቀለለ ፀጉር አላት፤ ቆዳ ግን የላትም። በጉንጯ በኩል አውቶቡስ ሲያልፍ ይታያል።

ጣጣው የመጣው የቀለም ናሙናውን ይዤ ስሄድ ነው። ሞቅ ያለ ቡናማ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ጠቆር ያለች ጠይም ብንላት ያስኬዳል። ባለቤቷ ወረቀቱን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ያዘችውና "ኡን ፖኪቶ ማስ ክላራ" አለች፤ ትንሽ ቀላ ትበል ማለቷ ነው። አቀላሁት። አሁንም ቀላ ትበል። ሦስተኛውን ሳመጣላት ተነፈሰችና "ኢንዲያ አድርጊያት እንጂ! ኢንዲያ ክላራ። ይቺ እኮ ሄይቲያዊት ናት" አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ ፀጉሩ ቀሰረች። በእርሳስ ያየችው ጊዜ ጥቅልሉ የቢጎዲን ሥራ መስሏት ነበር ለካ። "ፔሎ ማሎ ያላት ሴት ፀጉር ቤት መስታወት ላይ ምን ታደርጋለች? ገና ያልተሠራች ናት ይሉናል።" ፔሎ ማሎ ቃል በቃል መጥፎ ፀጉር ነው፤ ከርዳዳውን ነው እንዲህ የሚሉት።

ያልነገርኳት ነገር አለ። እሷ ራሷ ከመጀመሪያው ናሙናዬ ብዙም አትቀላም።

ሌላም ያየሁት አለ። ሒሳብ የምትቀበልበት ጠረጴዛ ላይ ከሸክላ የተሠራች ስንዝር የምታህል አሻንጉሊት ቆማለች። ሰፊ ባርኔጣ፣ ሰማያዊ ረጅም ቀሚስ፣ ክንዷ ላይ የአበባ ቅርጫት። ፊቷ ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ። ስጠይቃት "ይቺ እኛ ነን፤ ሁላችንንም ስለሆነች ፊት የላትም" አለችኝ በኩራት። እኔ ደግሞ ፊት ያላት ቆዳ የሌላት ሴት ይዤ ፊቷ ቆሜያለሁ።

ይህ ሁሉ ከየት የመጣ ነው? ደንበኛ ንጉሥ ነው ብዬ ላቅላት ወይስ ቀብዱን መልሼ ልውጣ? እስከ ቅዳሜ መጨረስ አለብኝ።

ቀያሹ፦

እህቴ፣ በአገራቸው ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ ለመንገድ ሥራ ሦስት ዓመት ቅየሳ ላይ ነበርኩ። ሴትየዋን በክፉ አትያት።

"ኢንዲያ" ያለችሽ ቃል የመንግሥት ቃል ነው። የአገሪቱ መታወቂያ፣ ሴዱላ የሚሉት፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆዳ ቀለም የሚሞላበት ቦታ ነበረው፤ ጥቁርም ነጭም መባል የማይፈልገው ሰፊ ሕዝብ "ኢንዲዮ"፣ ሴቷ "ኢንዲያ"፣ እየተባለ ይመዘገብ ነበር፤ ቃሉ የደሴቲቱ ነባር ሰው ማለት ነው። ከዚያ ይበተናል፤ ቀላ ያለ ኢንዲዮ፣ ጠቆር ያለ ኢንዲዮ፣ ስንዴ የመሰለች ትሪጌኛ፣ ጠቆር ያለች ሞሬና፣ እያለ ይቀጥላል። እውነተኞቹ የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች ታይኖዎች ግን ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከደረሰ በኋላ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። እንግዲህ የሌለ ሰው ስም ያለውን ሰው ቆዳ ለመሸፈን ዋለ ማለት ነው። ከአፍሪካ በባርነት የመጡትን ቅድመ አያቶች ላለመጥራት የተገኘ መውጫ ነው።

ለምን ቢሉ ጎረቤት። ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ደሴት ይጋራሉ፤ ሄይቲ ከ1822 እስከ 1844 ደሴቲቱን በሙሉ ገዝታለች፤ ዶሚኒካኖች የነፃነት ቀናቸውን የካቲት 27 የሚያከብሩት ከስፔን ሳይሆን ከሄይቲ የተላቀቁበትን ነው። ከ1930 እስከ 1961 የገዛው ትሩሂዮ ይህንን ቁርሾ የመንግሥት ሃይማኖት አደረገው። በ1937 በድንበሩ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያንን አስፈጀ። እሱ ራሱ በእናቱ በኩል የሄይቲ ደም ነበረበት፤ ፊቱን በፓውደር ያቀላ እንደነበርም ብዙ ተጽፏል። ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በ2013 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከ1929 ወዲህ ሕጋዊ መኖሪያ ከሌላቸው ወላጆች የተወለዱ ሰዎች ዜጋ አይደሉም ብሎ ወስኗል። ውሳኔው የወደቀው በአብዛኛው የሄይቲ ዝርያ ባላቸው ላይ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት "ሄይቲያዊት ትመስላለች" ስትባል ስለ መልኳ ብቻ አይደለም የሚወራው። ወረቀቷም ይጠየቃል።

ሥዕል ካልሽ ደግሞ የኪስ ቦርሳሽ ውስጥ ጀምሪ። የ500 ፔሶው ኖት ላይ ከልጇ ጋር ያለችው ሳሎሜ ኡሬኛ ገጣሚ ነበረች፤ በ1881 ለሴቶች የከፍተኛ ትምህርት ቤት የከፈተች። ቅይጥ ዘር ነበራት። ከሞተች በኋላ የተሠሩላት ምስሎች ግን እየቀሉና አፍንጫቸው እየቀጠነ እንደሄደ አጥኚዎች ጽፈውበታል።

በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ደግሞ ሁለት ሐውልቶች አሉ፤ ሰዉ አንዱን ወንዱ፣ አንዱን ሴቷ ይላቸዋል። ወንዱ በ1936 ዋና ከተማዋ በትሩሂዮ ስም ስትጠራ ለዚያ መታሰቢያ የቆመ ነው። በ1997 ኤልሳ ኑኜዝ የምትባል ሠዓሊ ያንኑ ሐውልት ትሩሂዮ በ1960 ላስገደላቸው ለሚራባል እኅትማማቾች ክብር ከላይ እስከ ታች ቀባችው። በየቀኑ በመኪና አልፈው ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደስ ይላል። ከርዕስ ወጣሁ መሰለኝ።

ሸራና ብሩሽ፦

የቀያሹን ታሪክ አልነቅፍም፤ ግን ሁሉን ነገር በትሩሂዮ ላይ ጭኖ መሄድ ምቹ ነው። እኔ የሥዕል ታሪክ ተማሪ ነኝና ወደ ሥዕሉ ልመልሳችሁ።

ስለ አሻንጉሊቷ። ሞካ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ኢግዌሪቶ በሚባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው የምትሠራው። ፊት የሌላት ዘሩ ብዙ፣ ድብልቁ ብዙ ስለሆነ አንድ ፊት ልንሰጣት አንችልም ከሚል ነው ይባላል። ትርጉሙ ያምራል። እኔን ግን ሁልጊዜ ያስከፋኛል። አገርን በሴት መመሰል የተለመደ ነው፤ አገርን የምትመስለው ሴት አፍ እንዳይኖራት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊት የሌለው የወንድ አሻንጉሊት አይቼ አላውቅም።

አሁን ሴሌስተ ዎስ ኢ ሂልን ተመልከቺ። የአንድ ፕሬዚዳንት ልጅ ናት፤ ኒው ዮርክ ተምራ ተመልሳ ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ የሥዕል ትምህርት ቤት የከፈተች። በዚያው በትሩሂዮ ዘመን፣ መንግሥት ነጭነትን በሚሰብክበት ጊዜ፣ ቅይጥ ዘር ያላቸውን ሴቶች እርቃናቸውን ሳለች፤ ሰፊ ዳሌ፣ ቡናማ ቆዳ፣ ያልተለሳለሰ ገጽታ። ደፋር ነበረች። ነገር ግን የሠዓሊዋን ስም እናውቃለን፤ የተሳለችዋን ግን "እርቃን" ብለን አልፈናታል።

ከዛሬዎቹ ለአንቺ ጉዳይ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። ፊሬሌይ ባኤዝ በ1981 በዶሚኒካኗ ሳንቲያጎ ተወለደች፤ እናቷ ዶሚኒካን፣ አባቷ የሄይቲ ዝርያ፤ ያደገችው በሄይቲ ድንበር ላይ ባለችው ዳሃቦን ነው። በ2011 በየቀኑ የራሷን ምስል ትሠራ ነበር። የክንዷን ቀለም የዕለቱን አይታ ትቀይጣለች፤ የፀጉሯን ቅርጽ የዕለቱን ትከተላለች፤ ጥላ የመሰለ ቅርጽ ይሆናል፤ ከፊቱ ዓይኗ ብቻ ነው የሚሳለው። መነሻዋ ሁለት የውርደት ፈተናዎች ናቸው። አንዱ አሜሪካ ውስጥ ቆዳ ከቡናማ የወረቀት ከረጢት ጋር የሚመዘንበት፣ ሌላው ፀጉር በማራገቢያ ፊት ይወዛወዛል አይወዛወዝም ተብሎ የሚታይበት። ምስሎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የአንዲት ሴት ቀለም ከቀን ቀን አንድ ሆኖ እንደማያውቅ ታያለሽ። ባኤዝ ሲጓፓንም ትስላለች፤ በአገሩ ተረት ተራራ ላይ የምትኖር፣ ፀጉሯን የለበሰች፣ እግሮቿ ወደ ኋላ የዞሩ ሴት ናት። ዱካዋን የተከተለ ሰው ከእሷ እየራቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለች ሴት ሴዱላ ላይ ምን ተብላ ትሞላለች?

ሁለተኛዋ ሆይሪ ሚናያ ናት። በ2016 የበይነ መረብ መፈለጊያ ላይ "ዶሚኒካን ሴቶች" ብላ ጻፈች፤ የመጡትን ፎቶዎች ሰበሰበች። ከምስሎቹ ክንድ፣ ጭን፣ ፊት ለየብቻ ቆርጣ፣ ነጠብጣቦቹ እስኪታዩ አግዝፋ አተመችና ክፍል ውስጥ በክር አንጠለጠለቻቸው፤ ጀርባቸው የአበባና የቅጠል ጨርቅ ነው፣ ቱሪስት የሚወደው ዓይነት። ገበያው ዶሚኒካናን የሚፈልጋት በብልት በብልት እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ስትመላለሺ ትከሻሽን እየነካ ይነግርሻል።

ስለዚህ ለሠዓሊዋ ጥያቄ አለኝ። ያንን የመጀመሪያ ንድፍ ከማን ወስደሽ ሳልሽው?

የመስታወት ሠዓሊዋ፦

ያዝሽኝ። ከፍለጋ ነው። ሁለቱን ቃላት ጻፍኩ፣ ከመጡት ውስጥ "እውነተኛ ትመስላለች" ያልኳትን መረጥኩ። እውነተኛ መሆኗን ማን ነገረኝ? ራሴው። ባለቤቷ አሥር እርምጃ ርቃ ፀጉር ስትሠራ ቀና ብዬ አላየኋትም ነበር።

ወንድሜ ቀያሹ፣ አመሰግናለሁ። "ሄይቲያዊት ናት" ስትለኝ ንቀት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃትም እንዳለበት አላሰብኩም።

እጀ ሙቅ፦

ልጄ፣ እኔ ብሮንክስ ውስጥ በዶሚኒካኖች ፀጉር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የተማሩት ተናግረዋል፤ እስቲ ፀጉር የያዘ እጅም ይናገር።

ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ወንበሩ አይበርድም። ይታጠባል፣ በቢጎዲን ይጠቀለላል፤ እነሱ ሮሎ ይሉታል። ከዚያ ካስክ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ሲወፍር ከዚያም በላይ። ጆሮ ይግላል፤ እኔ ጥጥ አደርግላቸው ነበር። ቢጎዲኑ ከወጣ በኋላ ሥሩ በክብ ብሩሽና በማድረቂያ ይጎተታል፤ እዚህ ላይ ነው እንባ የሚመጣው። በመጨረሻ ፀጉሩ ራስ ዙሪያ ተጠምጥሞ በሽቦ ይያዛል፣ ቱቢ ይባላል፣ እሱን በሻሽ አስረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዝናብ ካካፋ የሳምንቱ ገንዘብ በአንድ ደቂቃ ይመለሳል። ዣንጥላ የሌላት ዶሚኒካና አይቼ አላውቅም።

በራፉ ላይ ባሎቻቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ፀጉራቸው ከእኔ ይብሳል፤ ግን በመቀስ አጠር ይደረግና አለቀ፣ ማንም ዘር አይቆጥርባቸውም። የቤቱን ስም በራስዋ ተሸክማ የምትዞረው ሴቷ ናት። "ልጅሽን እንዲህ አድርገሽ ትምህርት ቤት ላክሻት?" የምትባለው እናት ናት። ስለዚህ "ለምን ነጭ ለመምሰል ትሞክራላችሁ" የሚላቸውን ሰው አልወድም። አንዷ ደንበኛዬ "ነጭ መምሰል አይደለም፤ የተሠራሁ መምሰል ነው የምፈልገው" ብላኛለች። ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም።

ዘመኑም እየተለወጠ ነው። በ2014 ካሮሊና ኮንትሬራስ የምትባል ልጅ እዚያው ሳንቶ ዶሚንጎ አሮጌው ከተማ ውስጥ ለከርዳዳና ለጥቅልል ፀጉር የሚሆን ቤት ከፍታለች። እኛ ጋ ይመጡ ከነበሩት ልጆችም አንዳንዶቹ ማለስለሻውን ትተው ሄዱ። እናቶቻቸው አለቀሱ። አለቃዬም አለቀሰች፣ እሷ እንኳ ያለቀሰችው ለገበያው ነው።

እነሱ አንድ አባባል አላቸው፤ "ጥቁሩ ከጆሮ ጀርባ ነው" ይላሉ። ሁዋን አንቶኒዮ አሊክስ የሚባል የአገሩ ሰው ገና በ1883 ግጥም አድርጎታል፤ ነጭ ነኝ ባዩን ሁሉ የሚያሾፍበት ነው። ፀጉር ሠሪ ደግሞ ነገሩን በእጅዋ ታውቀዋለች። ማለስለሻው ሲለቅ ቀድሞ የሚከረደደው ማጅራቱና ከጆሮ ኋላ ያለው ነው።

አንቺ ግን ምን አስጨነቀሽ? ቢጎዲን አድርገሽባት ሳያት። ቢጎዲን ያደረገች ሴት ሉጫ ትሁን ከርዳዳ ማን ያውቃል?

ቀያሹ፦

የሳንቶ ዶሚንጎ መንገድ ላይ ቢጎዲን አድርገው ገበያ የሚወጡ ሴቶች ሞልተዋል። እትዬ፣ ይህንን ሳስታውስ ሳቄ መጣ።

ሸራና ብሩሽ፦

ፀጉሩን ፈቱት። ቆዳውስ? ሼሬሳዴ ጋርሲያ የምትባል ሌላ የሳንቶ ዶሚንጎ ተወላጅ ሠዓሊ አለች፤ ሰዎቿን ሁሉ ቀረፋማ ነው የምታደርጋቸው። ሰሌዳዋ ላይ ያለውን ቀለም ሁሉ ስትደባልቅ የሚወጣው ያ ነው ትላለች።

የመስታወት ሠዓሊዋ፦

ተመልሻለሁ። አርብ ማታ ከተዘጋ በኋላ ሄድኩ። እትዬ፣ የእርስዎን ሐሳብ ነገርኳት፤ "ቢጎዲን!" ብላ እጇን አጨበጨበች። የመጀመሪያውን ፀጉር በምላጭ ፍቄ አነሳሁት።

ከዚያ "ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ" አልኳት። ከአሻንጉሊቷ አጠገብ አደረገችው። ቡናማ፣ የአፈር ቢጫ፣ ጥቂት ቀይ፣ የሰማያዊ ጠብታ እያልኩ መቀየጥ ጀመርኩ። ነጭ እንድጨምር ጠየቀችኝ፤ ጨመርኩና ክንዷ ላይ ነካ አደረግሁት። አመድ የነካት መሰለች። ራሷ በጨርቅ ጠረገችው። ሁለተኛው ቢጫው በዛ፤ የታመመች መሰለች። ሦስተኛው ቀላ። አራተኛውን ማሰሮው ውስጥ ስታየው "ኖ፣ ኖ፣ ይሄ ሞሬና ነው" አለች። ምንም ሳልመልስ የአውራ ጣቴን ያህል ክንዷ ላይ ቀባሁት።

ጠፋ። የት እንደቀባሁት እኔም አላየሁትም። ሲደርቅ ብቻ ጠርዙ ትንሽ አበራ።

ክንዷን ወደ መብራቱ አዙራ ብዙ ቆየች። ወለል ትጠርግ የነበረችው ረዳቷ መጥረጊያዋን ይዛ መጥታ አየችና ሳቀች፤ ባለቤቷ አልሳቀችም። ከዚያ "ቢጎዲኖቹ ሮዝ ይሁኑ" አለችኝ። "ሲፈታ ደግሞ ሉጫ ነው የሚሆነው፤ ይታወቅልኝ።" እሺ አልኳት። ሌሊቱን ለበጥኳት። አሁን አውቶቡሱ በጉንጯ አያልፍም።

ሸራና ብሩሽ፦

ከጆሮዋስ ጀርባ?

የመስታወት ሠዓሊዋ፦

ስፍቅ ሁለት ጥቅልሎች እዚያ ተርፈው ነበር፤ ተውኳቸው። አላየቻቸውም። ወይም አይታ ዝም ብላለች።